ንጉሡ ኮከቡን ቢያወልቅ ኖሮ

ስቶክሆልም፣ ቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ውስጥ ሊቭሩስትካማረን የሚባል ሙዚየም አለ። የነገሥታቱ ልብስ፣ ትጥቅና ሠረገላ ነው ያለው። ወርቁና ጥልፉ ሲበዛ ይሰለቻል። እኔም እዚያው ከተማ የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ይዣት የሄድኩት ለአንድ ልብስ ብዬ ነው፤ የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ የጭንብል ድግስ ላይ ሲተኮስበት ለብሶት ለነበረው።

ልብሱ ከነጭንብሉ ተቀምጧል። ዓይን ቶሎ የሚሄደው ግን ጀርባው ላይ ወዳለው ቀዳዳ ነው፣ ወገቡ አካባቢ፣ በግራ በኩል። ሽጉጡ ውስጥ ጥይት ብቻ ሳይሆን ሚስማርም ተጠቅጥቆ ነበር።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1792 ነው፣ ራሱ ባሠራው ኦፔራ ቤት። እራት ላይ እያለ እንደሚገደል የሚያስጠነቅቅ ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሰው። አብሮት የነበረው ባሮን እንዳይሄድ ለመነው። እሱ ግን መጀመሪያ ከላይ ሆኖ ለሕዝቡ ታየ፣ ማንም ሳይተኩስ ሲቀር በቃ ብሎ ወደ ጭፈራው ወረደ። ጭንብል አድርጓል፣ ካባ ደርቧል፣ ደረቱ ላይ ግን የሱራፌል የሚባለው የንጉሣዊ ኒሻኑ ኮከብ ያብለጨልጫል! ታዲያ ማን ይሳሳተዋል? ጥቁር ጭንብል ያደረጉ ሰዎች ከበቡት፣ አንካርስትሮም የሚባለው ከኋላ ተኮሰ። ቁስሉ አመርቅዞ ከ13 ቀን በኋላ ሞተ። ገዳዩ ሽጉጦቹን እዚያው ጥሎ ነበርና በማግስቱ አንድ ጠመንጃ ሠሪ የማን እንደሆኑ ለየ፣ ሰውየውም ተያዘ።

ምክንያቱ የመኳንንት ቂም ነው። በ1789 መብታቸውን ቀንሶባቸዋል። ፍቅር የሚባል ነገር የለበትም።

ይህንኑ ታሪክ ኦፔራ ያደረገው ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቬርዲ ጋ ስትደርሱ ግን ሌላ ነው። «ኡን ባሎ ኢን ማስኬራ» (የጭንብል ድግስ ማለት ነው) በ1859 ሮም ላይ ሲታይ ንጉሡ የቦስተን ገዥ ሆኗል፣ ገዳዩም ሚስቱን የወደደበት የገዛ ጓደኛው። መጀመሪያ ሊታይ የታሰበው ኔፕልስ ነበር፤ የኔፕልስ ሳንሱር ግን ንጉሥ መድረክ ላይ ሲገደል ማየት አልፈለገም፤ በ1858 መጀመሪያ ፓሪስ ላይ የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛን በቦምብ ለመግደል ተሞክሮ ስለነበር ሁሉም ደንግጧል። ቦስተን! በዚያ ዘመን፣ ፒዩሪታኖች በሚባሉት ጥብቅ ሃይማኖተኞች ከተማ የጭንብል ድግስ። ከእውነተኛው ታሪክ የተረፈችው ጠንቋይዋ ኡልሪካ ናት ማለት ይቻላል። ሙዚቃው ግን ያሳምናል፣ በተለይ መጨረሻ ላይ፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ሲሰነባበቱ ከጎን የዳንሱ ዜማ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲቀጥል።

አሁን አሁን ታሪኩን ወደ ስቶክሆልም የሚመልሱት ብዙ ናቸው። እኔ ፍቅሩን አውጥተው ኮከቡን ቢያስገቡበት ነበር የምወደው። ፊቱን ሸፍኖ ማንነቱን ደረቱ ላይ የሚለጥፍ ንጉሥ ለኦፔራ ያንሳል? ድልድዩን ተሻግረን ኦፔራ ቤቱ ጋ ስንደርስ (አሮጌው ፈርሷል፣ የአሁኑ እዚያው ቦታ ላይ በ1898 የተከፈተ ነው) ይህንኑ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት።

«አንተ ደግሞ!» አለች። «ፍቅሩን ካወጣህበት ማን ቲኬት ይገዛል?»