በሩ ተዘግቶ

ዛሬ አባዬ ሾርባውን ራሱ ጠጣ። በግራ እጁ። ግማሹ ፎጣው ላይ ፈሷል፣ ግን ራሱ ነው የጠጣው።

ስትሮክ ከመታው ሰባተኛ ሳምንቱ ነው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ንግግሩም አብሮ ሄደ። የተጎዳው የአንጎሉ ግራ ክፍል ነው፤ የአብዛኛው ሰው ንግግር ደግሞ እዚያው ነው ያለው። ዕድሜውን የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የፈጀ ሰው፣ የድሬዳዋን ከዚራ ሰፈር በእግሩ ለማቋረጥ በሰላምታ ብዛት አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ሰው፣ አሁን አንድ ቃል ብቻ ቀርቶታል፦ «ሳ ቫ»፣ «ደህና ነው» እንደማለት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ይዞት የመጣው ፈረንሳይኛ የመጨረሻ ማረፊያው አባዬ አፍ ላይ ሆነ። ሲርበው ሳ ቫ። ሲናደድ ሳ ቫ። አፍ የለመደው ነገር፣ ሰላምታ፣ ቁጥር፣ ጸሎት፣ ስድብም ጭምር፣ ሌላው ቃል ሲጠፋ ሊተርፍ ይችላል አሉኝ። ስድቡን እስካሁን አልሰማንም።

ሆስፒታል 12 ቀን ተኛን። «ተኛን» የምለው እኔም ወለል ላይ ስለነበርኩ ነው። አስታማሚ መሆን ይኸው ነው። መርፌውና ግፊት መለካቱ የነርስ፣ ማጠቡ፣ ማብላቱ፣ ፖፖ ማቅረቡ የቤተሰብ። እንዴት እንደሚደረግ ግን የሚያሳይሽ የለም። ያን ሁሉ አልጋ ለሚዞር ተረኛ አልፈርድም። አንድ ማታ ግን ፈረድኩ። ሽንት አምልጦት አንሶላው ሲርስ ተረኛዋን ነርስ ጠራኋት። በር ላይ ሆና «አስታማሚ የለውም እንዴ?» ብላ ሄደች፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። መጋረጃም አልነበረም። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መናገር ያቃተው ሰው መስማትም የተሳነው ይመስላቸዋል መሰለኝ።

የሌሊቷ ሲስተር ሌላ ሰው ነበረች። የዚህ አገር ልጅ አይደለችም፤ «አባባ፣ አሁን ወደ ግራ ላዞርዎት ነው» ትላለች፣ በአንቱ። እኛ ድሬዎች አባቶቻችንንም አንተ ነው የምንለው። አንቱ ስትለው በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ዋናው ነገር ግን ሳትነግረው አትነካውም ነበር። እኔ እንደ ጆንያ ነበር የማገላብጠው።

በየሁለት ሰዓቱ አዙሪው አለችኝ። ጅራት አጥንቱ ጋ የቀላ ቦታ አሳየችኝና በጣቷ ተጫነችው። «ሲጫኑት ነጣ ካለ ደህና ነው። ቀይ እንደሆነ ከቀረ ቁስል ጀምሯል ማለት ነው።» ተረከዙንም፣ ዳሌውንም እይ። የድሬ ሙቀት ደግሞ አይራራም፤ ከታች ላስቲክ ከተነጠፈ ጀርባው ይቀቀላል። የደከመውን እጁን ይዘሽ አትጎትቺ፣ ትከሻው ይወልቃል። ቀና ሳታደርጊው ውሃ አትስጪ፣ ትን ብሎት ወደ ሳንባው ይሄዳል። ያን ሌሊት የተማርኩት ነው እስከ ዛሬ የያዘን።

ቤት ስንገባ ጠያቂ ጎረፈ። ማልታ፣ ብርቱካን፣ «እግዜር ይማርህ»፣ «አላህ አፊያ ያድርግህ»። ሰው ደግ ነው፣ አይካድም። ግን ሁሉም አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። «ይበላል? እንቅልፍስ ይተኛል?» አባዬ ዓይኑን ከእኔ ወደነሱ፣ ከነሱ ወደ እኔ ያመላልሳል። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ «አቦ፣ እሱን ጠይቁት፣ ይሰማል እኮ!» አልኩ። ጎረቤታችን ደነገጠች። አባዬ «ሳ ቫ» አላት።

የእኔን ጥፋት ግን ያየሁት ቆይቼ ነው። ሦስት ጊዜ በቀን አጎርሰዋለሁ። ፍጥነቱም አለው፣ ፍቅሩም አለው፤ ማጉረስ የለመድነው ነው። ከጊዜ በኋላ አፉን ይዘጋብኝ ጀመር። የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ ብዬ ቫይታሚን ገዛሁ። ፊዚዮቴራፒ የሚሠራለት ልጅ አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ አየንና «አንቺ እኮ ነሽ የምትበዪለት» አለኝ። ማንኪያ አምጪ አለ። እጀታው እንዲወፍር ጨርቅ ጠመጠመበትና ግራ እጁ ላይ አስያዘው። አባዬ አስቀመጠው። በማግስቱም አስቀመጠው። ሳምንቱን ሙሉ።

በግራ አይበላም። ልጅ ሆነን በግራ ስንጎርስ እጃችንን ይመታን የነበረው እሱ ነው።

ዛሬ ሾርባውን አቀረብኩለት። በአገጩ በሩን አሳየኝ። ሰው የመጣ መስሎኝ ወጥቼ አየሁ፣ ማንም የለም። እንደገና በሩን አሳየኝ። ዘጋሁት። መጋረጃውንም። ዞር ስል ማንኪያው ግራ እጁ ላይ ነው። እንዳላየሁ ልብስ ማጣጠፍ ጀመርኩ። አንድ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ሳላጣጥፍ አልቀረሁም።

ሲጨርስ «ልጨምርልህ?» አልኩት።

«ሳ ቫ» አለ። አዎ ይሁን አይ አላወቅኩም። ሳህኑን ግን ወደ እኔ ገፋው።