ከምጣድ ገል እስከ ሴካንት፦ የክረምቱ የክብ ትምህርቴ

ሰላም ጓዶች። ስለ ጎነ ሦስት ስጽፍ «ክብ ይቀጥላል» ብዬ ነበር፤ ዘግይቼም ቢሆን ይኸው መጣሁ። ለማታውቁኝ፦ ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት ብዙም ሳይርቅ፣ የቆርቆሮና የላሜራ ሥራ እሠራለሁ። ትምህርቴን 10ኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ክረምት ሥራ ይቀዘቅዛል፣ መብራትም ይመላለሳል፤ ስለዚህ ከሐምሌ መባቻ ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ለጂኦሜትሪ ሰጥቻለሁ። ሲብስ በሻማ።

ስለ ክብ ከትምህርት ቤት የቀረችኝ «ፓይ አር ስኩዌር» ብቻ ነበረች። ክብ ማለት ቀመር ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ የገባኝ ግን የክብ ጨዋታው ያለው በሚነኩትና በሚያቋርጡት ቀጥተኛ መስመሮች ላይ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ኮርድ ላይ አሳለፍኩ። ኮርድ ክቡ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ ቁራጭ መስመር ነው፤ በመሀል ካለፈ ዲያሜትር ይሆናል። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ የማንኛውንም ኮርድ እኩሌታ ይዛችሁ በእስኳድራ ከኮርዱ ጋር ቀጤ ዘዌ የሚሠራ መስመር ብታሰምሩ፣ መስመሩ በክቡ መሀል ያልፋል። ለምን? ጎጆ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ፣ ካስማ ይተከልና በገመድ ዙሪያው ይለካል። የኮርዱ ሁለት ጫፎች ከካስማው እኩል ገመድ ይርቃሉ፤ ከሁለት ነጥቦች እኩል የሚርቅ ነገር ሁሉ ደግሞ እዚያች የእኩሌታ መስመር ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ትይዩ ያልሆኑ ሁለት ኮርዶች በቂ ናቸው፤ መስመሮቻቸው የሚገናኙበት መሀሉ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ስለ ክብ በጻፈው ሦስተኛው መጽሐፍ ገና ሲጀምር የሚያነሳው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ክብ ተሰጥቶሃል፣ መሀሉን ፈልግ።

ይህን ባወቅሁ በሳምንቱ፣ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ ጎረቤቴ ክንድ የምታህል የምጣድ ገል በማዳበሪያ ጠቅልለው መጡ።

«ልጄ፣ አክንባሎዬ ተሰንጥቋል፤ የቆርቆሮ ሥራልኝ።»

«ምጣዱን ያምጡትና ልለካው፣ እትዬ።»

«እሳት ላይ ነው እኮ! ይቺ የአሮጌው ስባሪ ናት፣ ልካቸው አንድ ነው። ከዚች አትለካም?»

እንደ ድሮዬ ቢሆን በግምት እቆርጥ ነበር። እንዲያ ሠርቼ ምጣዱ ውስጥ ዘጭ ያለ አክንባሎ አስረክቤ አውቃለሁ፤ ገንዘቡንም መልሻለሁ። አሁን ግን የገሏን ጠርዝ በሁለት ጫፍ የሚነካ ኮርድ ያዝኩ፦ 40 ሳንቲም። ከእኩሌታው፣ ማለትም ከ20 ላይ፣ በእስኳድራ እስከ ጠርዟ ለካሁ። ይህችን ርቀት እኔ «ሆዱ» ነው የምላት። 7.5 ወጣች። ሳሰላው ዲያሜትሩ ወደ 61 ሳንቲም ሆነ።

«የእኔን እንጀራ አላውቀውም እንዴ? ይሄማ የሠርግ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ገሏን በብርሃን ሳያት፣ ሆዱን የለካሁበት ቦታ ላይ ጠርዟ ተሸርፏል። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ደህናው ላይ ሌላ የ40 ኮርድ ይዤ ስለካ ሆዱ 8 ሆነ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከመሀል እስከ ኮርዱ ያለው ርቀት ከሬዲየሱ (ከመሀል እስከ ጠርዝ ካለው) በ8 ያንሳል፤ እሱ፣ የኮርዱ ግማሽ 20 እና ሬዲየሱ ቀጤ ዘዌ ያለው ጎነ ሦስት ይሠራሉ። በፓይታጎረስ ሲፈታ ሬዲየሱ 29፣ ዲያሜትሩ 58። (21፣ 20፣ 29፤ ቁጥሩ እንዲህ ጥርት ብሎ ሲወጣ ደስታው ልዩ ነው።) ግማሽ ሳንቲም ስህተት ዲያሜትሩን ወደ ሦስት ሳንቲም እንዳሳተኝ ልብ በሉ።

አክንባሎው በየጎኑ አንድ አንድ ሳንቲም እንዲተርፍ 60 አደረግኩት። ለዙሪያው ክፈፍ 60ን በ22/7 ሳበዛ 188.57 ሳንቲም፣ በ3.14 ሳበዛ 188.4 ይመጣል። ትክክለኛው 188.5 አካባቢ ነው። አርኪሜድስ ፓይ ከ22/7 እንደሚያንስ አረጋግጧል፤ ስለዚህ 22/7 ሁልጊዜ ትንሽ ያስረዝማል፣ 3.14 ትንሽ ያሳጥራል። ቆርቆሮ ላይ ያጠረ አይቀጠልም፣ የረዘመ ግን ይቆረጣል። እኔ የ22/7 ወገን ነኝ።

ታንጀንት ብዙ አላስቸገረኝም፤ ክረምት ነዋ። ክቡን አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነክቶ የሚያልፍ መስመር ነው፤ እዚያ ነጥብ ላይ ከሚደርሰው ሬዲየስ ጋርም ቀጤ ዘዌ ይሠራል። ከባጃጅ ጎማ የሚፈናጠር ጭቃ የሚሄደው በታንጀንቱ ነው፤ ከጎማው ከተላቀቀ በኋላ የሚያዞረው ነገር ስለሌለ። ሱሪዬ ምስክር ነው።

አሁን ያለሁት ሴካንት ላይ ነው፤ ማለትም ክቡን ሁለት ቦታ ቆርጦ የሚያልፍ መስመር። 5 ሳንቲም ሬዲየስ ያለው ክብ ሣልኩና ከመሀሉ 13 ሳንቲም የሚርቅ ነጥብ ያዝኩ። ከዚያ ነጥብ የተነሳ ታንጀንት 12 ሳንቲም ነው፤ በራሱ ሲባዛ 144። በመሀል የሚያልፈው ሴካንት ክቡን ከነጥቡ በ8 እና በ18 ሳንቲም ርቀት ላይ ይቆርጠዋል፤ ብዜቱ 144። ከዚያው ነጥብ ዝም ብዬ ወደ ጎን ያሰመርኩት ሌላ ሴካንት በማስመሪያ 9 እና 16 ሆነ። እሱም 144! ሦስት ጊዜ ደግሜ ለካሁት። የሚመሳሰሉ ጎነ ሦስቶች እንደሚያስረዱት አንብቤያለሁ፣ ግን የትኞቹ እንደሆኑ ገና በራሴ አላየኋቸውም። የምታውቁ መልሱን አትንገሩኝ፤ የትኛውን መስመር ልጨምር የሚለውን ብቻ ጠቁሙኝ።

ትናንት ደግሞ የእትዬ ጓደኛ መጥተው ነበር፤ «ለእኔም ከገል ለካልኝ» ብለው። ገሏ መዳፍ አትሞላም። ኮርዷ 12 ሳንቲም፣ ሆዷ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር፤ ማስመሪያዬ ከዚያ በላይ አይለይም። 6 ካልኩ ምጣዱ ወደ 61 ሳንቲም ይሆናል፣ 7 ካልኩ 52። ከሰፈሩ ቆሻሻ ክምር ላይ ትልቁን ስባሪ ፈልገው እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው።