የፐልስ ጄኔሬተር መስክ በምን ይመገብ?

በዝግታ የተጠራቀመ የሽክርክሪት ጉልበትን በጥቂት ሚሊሰከንዶች ወይም ሰከንዶች ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠው የሚለቁ ጄኔሬተሮች ሲነደፉ፣ ንግግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሮተሩ (ከሚሽከረከረው ክፍል) ክብደትና ፍጥነት ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መነሣት ያለበት ጥያቄ የመግነጢስ መስኩ ምን ያህል ጊዜ መቆየት አለበት የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የኤክሳይቴሽኑ፣ ማለትም መስኩን የመፍጠሪያው፣ ዘዴ በዋናነት የሚመረጠው በእርሱ መልስ ነውና።

በእንግሊዝ አገር በኩላም ይሠራ የነበረው ጄት የተባለው የፊውዥን (የአቶም አስኳሎችን የማዋሃድ) ማሽን እያንዳንዳቸው 775 ቶን የሚመዝን ሮተር ያላቸው ሁለት ፍላይዊል (ጉልበት የሚያጠራቅም ከባድ መንኮራኩር) ጄኔሬተሮች ነበሩት። እንዲህ ባለ ማሽን ኃይሉ የሚፈለገው ለብዙ ሰከንዶች ሲሆን ክብደቱም ችግር አይደለም። የብረት ኮር መስኩን ስለሚያግዝ የኤክሳይቴሽኑ ኃይል ከማሽኑ ውጤት አንጻር ጥቂት ነው፤ ከውጭ በሚመጣ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ) ከረንት መመገቡ ይበቃል፤ የሮተሩ ፍጥነት እየቀነሰ ሲሄድ የሚወርደውን ቮልቴጅም መስኩን በማጠንከር ማካካስ ይቻላል።

በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በኦስቲን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ኮምፐልሴተር (ኃይሉን በሚሊሰከንዶች ውስጥ የሚለቅ የፐልስ ጄኔሬተር) በተሽከርካሪ ላይ ይጫን ሲባል ግን ሁኔታው ይለወጣል። ብረት ከባድ ነው፤ 2 ቴስላ አካባቢም ይጠግባል። ብረቱ ወጥቶ ሮተሩ ከቀላል ኮምፖዚት ሲሠራ መስኩ ሜጋዋቶች ይጠይቃል፤ ያን የሚያህል የውጭ ምንጭ መሸከም ደግሞ የቀነሰውን ክብደት መልሶ መጫን ነው። ስለዚህ አንድ ካፓሲተር መነሻ ከረንት ወደ መስኩ ጥቅል ይለቃል፤ ማሽኑ የሚያመነጨው ቮልቴጅ በሬክቲፋየር (ተለዋዋጭ ከረንትን ወደ ዲሲ በሚለውጥ መሣሪያ) በኩል ወደዚያው ጥቅል ይመለሳል፤ ከረንቱም ራሱን እያባዛ ያድጋል። ይህ የሚሆነው ማሽኑ ለእያንዳንዱ አምፒር የመስክ ከረንት የሚያመነጨው ቮልቴጅ ከሰርኪዩቱ ሬዚስታንስ ሲበልጥ ብቻ ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ የመዳብ ሙቀት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ሬዚስታንሱ በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዕድገቱ ሲዘገይ ጥቅሉ የበለጠ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ዕድገቱ ይበልጥ ይዘገያል፤ የሚባክነውም ጉልበት ከራሱ ከሮተሩ የተወሰደ ነው። በስሌት ላይ ሰፊ ትርፍ ሳይተዉ ይህን ዘዴ መምረጥ አይገባም። ሬክቲፋየሩም ያለ ትእዛዝ በሚሠራው በዳዮድ ሳይሆን መቼ እንደሚከፈት ማዘዝ በሚቻለው በታይሪስተር ቢሠራ እመርጣለሁ፤ ከተኩሱ (ኃይሉ በቅጽበት ከተለቀቀ) በኋላ ቮልቴጁን ገልብጦ በመስኩ ውስጥ የቀረውን ጉልበት ወደ ሮተሩ መመለስ ያስችላልና።

ቋሚ ማግኔት ይህን ሁሉ የሚያስቀር ይመስላል። ነገር ግን በሾርት ሰርኪዩት ጊዜ ሊጠፋ አይችልም፤ በተኩሱ ወቅት የሚፈጠረው ተቃራኒ መስክና ሙቀትም ማግኔትነቱን ሊያሳጣው ይችላል። በትናንሽ ማሽኖች እቀበለዋለሁ፤ በሜጋ ጁል ደረጃ ግን መስኩን ማጥፋት የማይቻልበትን ማሽን ሰው በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አልፈልግም።