ፌስታሉን ማን ክፈቱ አላችሁ?

ስለ ኮራል አኳሪየም የሚመክራችሁ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ገንዳው ነው። ስለ መብራቱ፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ጨው ልኩ። ከውጭ ያስመጣኋቸውን ዓሦችና ኮራሎች የጨረሳቸው ግን ገንዳው አይደለም። ገና ቤት ሳይደርሱ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚፈተሽበት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ ወረቀት ሲገላበጥ ነው ያበቃላቸው። አንድ ሰው ቀድሞ ሹክ ቢለኝ ኖሮ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሌላው እንዳይቃጠል ብዬ ነው የምጽፈው።

ገንዳውን በአጭሩ ልለፈው። 600 ሊትር ነው። ውሃው ብቻውን ከ600 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና ከሥር ያለው የማጣሪያ ገንዳ ሲደመር ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ወለሉ ይችል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የቧንቧ ውሃ እንዳለ አትጠቀሙ፣ አርኦ በሚባለው፣ በስስ ሽፋን በሚያጣራ ማጣሪያ ያለፈ ንጹህ ውሃ ላይ የባሕር ጨው በጥብጡ፣ ልኩን (ከንጹህ ውሃ አንጻር ያለውን ክብደት) 1.025 አካባቢ አድርሱት። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ። ከአንድ ትልቅ ማሞቂያ ሁለት ትንንሽ ይሻላል፤ አንዱ አልጠፋም ብሎ ቢቀር ገንዳውን ሙሉ አይቀቅለውም። ፕሮቲን ስኪመር ግዙ፣ ውሃውን በአረፋ እያጠበ እድፉን የሚያወጣ ዕቃ ነው፣ በሱ ላይ አትቆጥቡ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪሰፍሩ አራትም ስድስትም ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ይብሳል። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ እስኪሆን ዓሣ የለም። በቃ። “አንድ ሁለት ጠንካራ ዓሣ ጣል አድርግበት፣ ይፈጥንልሃል” የሚላችሁን አትስሙት።

አሁን ወደ ጉዳዬ።

ኮራልና ዓሣ ከውጭ ላስመጣ አሰብኩ። ድንጋያማ አጽም የሚሠሩት ኮራሎች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ የዋለ፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት ነው። ኮራሎቹ ያሉት ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ነው። መነገድ አይከለከልም፣ ግን ከላኪው አገር የወጪ ፈቃድ የግድ ነው፤ አንዳንድ አገር ደግሞ የራሱን የማስገቢያ ፈቃድ ይጨምርበታል። ለስላሳዎቹ፣ ማለትም እንጉዳይ መሳዮቹ፣ ቆዳ መሳዮቹና ዞአንቲዶቹ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ክላውንፊሽም የለም። የባሕር ፈረስና ግዙፉ ክላም፣ ማለትም ባለ ሁለት ቅርፊቱ የባሕር እንስሳ፣ ግን አሉበት። ሕጉን አልጠላውም። ማንም ተነስቶ ሪፉን፣ ማለትም ባሕር ውስጥ ኮራሎች የገነቡትን ድንጋያማ ክምር፣ በመዶሻ እየሰባበረ እንዳይሸጥ የሚያግደው እሱ ነው። የጠላሁት አፈጻጸሙን ነው።

ፈቃዱ በጊዜው መጣ። ማኅተሙ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ብዛቱ ልክ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ሃመር የሚባለው ኮራል አለ፣ የክንዶቹ ጫፍ መዶሻ የሚመስለው። ፈቃዱ “ዩፊሊያ አንኮራ” ይለዋል። የላኪው ደረሰኝ ደግሞ “ፊምብሪያፊሊያ አንኮራ”። አንድ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ዘረመሉን አጥንተው ከቀድሞ ወገኑ ለይተው ሌላ ወገን ውስጥ አስገቡት። ላኪው አዲሱን ስም ተጠቀመ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በድሮው ጻፈ። ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የጻፉት። መሀል ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ፍተሻ ቢሮው ውስጥ ወረቀቱን የያዘችው ሠራተኛ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ በእስክሪብቶ ፊደል በፊደል እየነካካች አነጻጸረች።

“ይሄ ፈቃዱ ላይ የለም።”

“እህቴ፣ ያው ነው እኮ። ስሙ ተቀይሮ ነው።”

“ስሙ ከተቀየረ ፈቃዱም ይቀየራላ።”

ምን ይባላል? እኔም በሷ ቦታ ብሆን ሌላ የምለው አልነበረኝም። አለቃዋን እንድታነጋግርልኝ ለመንኳት። አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው። መቼ ይወጣሉ? አይታወቅም። እስከዚያ ግን “ጊዜ እንዳይባክን” የእንስሳት ጤና ፍተሻው ይጀመር ተባለ። ሁሉም ነገር የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ከመንገሬ በፊት ለረጅም ጉዞ የታሰረ ፌስታል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ አለባችሁ። ሲሶው ውሃ ነው፣ የቀረው ኦክስጅን። ዓሣው ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ እሱ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ አሲድ ስለሚሆን ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው (ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው)፣ ይወርዳል። ጎን ለጎን ዓሣው በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፣ የሚያጸዳው ባክቴሪያ ስለሌለ ይጠራቀማል። ግን ፒኤቹ ስለወረደ አሞኒያው በአብዛኛው አሞኒየም ወደሚባለው መልኩ ይለወጣል፣ አሞኒየም ደግሞ የዚያን ያህል አይመርዝም። ስለዚህ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ይሰነብታል። ፌስታሉ እስካልተከፈተ ድረስ። ልክ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ክዳኑ እንደተነሳ የለስላሳ ጠርሙስ ጋዝ እየበነነ ይወጣል። ፒኤቹ ሽቅብ ይሄዳል። ፒኤች በአንድ በጨመረ ቁጥር መርዛማው የአሞኒያ ድርሻ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። ደህና የነበረው ውሃ ዓሣው ላይ ይዞርበታል ማለት ነው።

ፈታሹ ጓንት አጠለቀ። መቀስ አነሳ።

“ወንድም፣ ፌስታሉ ግልጽ ነው። በብርሃን ከፍ ብታደርገው ሁሉም ይታይሃል።”

“መመሪያው እንስሳው ይታይ ነው የሚለው።”

“እየታየ ነው እኮ!”

ቀጭ። የመጀመሪያው ፌስታል አንገቱ ተቆረጠ። የታፈነው ኦክስጅን እስስ ብሎ ወጣ። ፈታሹ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቅጹ ላይ ምልክት አደረገ፣ የተረፈውን የፌስታል አፍ ጠቅልሎ ቋጠረና ወደ ጎን አስቀመጠው። ኦክስጅን የሚሞላለት የለም። ሙቀት የሚጠብቅለት ነጩ ፎም ሳጥንም ክዳኑ ተነስቶ ወለል ላይ ተቀምጧል። ቀጭ፣ ሁለተኛው። ስለ አሞኒያው ላስረዳው ሞከርኩ፤ ትሕትና ያለው ልጅ ነው፣ ፈገግ ብሎ ሰማኝና ቀጭ፣ ሦስተኛው። ክሮሚስ የሚባሉ ብዙ ትንንሽ ዓሦች ነበሩኝ፣ ሰማያዊ አረንጓዴዎቹ። ከተከፈተላቸው ብዙም ሳይቆይ ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ ይርገበገብ ጀመር፣ ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አየር ይጎነጫሉ። እያየሁ ነው። ምንም ማድረግ አልችልም፣ ዕቃው ገና የኔ አይደለም።

የተረፉትን ማን እንዳተረፋቸው ታውቃላችሁ? የምሳ ሰዓት። ፈታሹ ሰዓቱን አየና ጓንቱን አወለቀ። ሳይከፈቱ የቀሩት ፌስታሎች ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢና አንድ ሃመር ኮራል የያዙት ነበሩ።

ከምሳ በኋላ አለቃው መጡ። ሁለቱን ስሞች አዩ፣ ስልክ ደወሉ፣ “እሺ፣ እሺ” አሉ፣ ከዚያ ደረሰኙ ጠርዝ ላይ “አንድ ዓይነት ነው” ብለው ጽፈው ፈረሙ። ስንት ሰዓት ያስጠበቀኝ ነገር ሻይ እንኳ የማያስቀዘቅዝ ጊዜ ነው የፈጀው። ያልተከፈቱትን ደግሞ ማንም አላስታወሳቸውም፣ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። የጤና ማረጋገጫው ላይ “ሁሉም እንስሳት ጤነኛ ሆነው ተገኝተዋል” የሚል ማኅተም አረፈበት። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ጤነኛ ከተባሉት ውስጥ ክሮሚሶቹ በሙሉ በነጋታው አልነበሩም። የተከፈተው ሃመር ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ሥጋው ከአጽሙ ላይ ቡናማ ዝልግልግ እየሆነ ይንጠለጠል ጀመር፣ ከውሃ ሳወጣው ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሳይፈተሹ የቀሩት አራቱ ግን ዛሬም አሉ። ክላውንፊሾቹ ሃመሩን ቤታቸው አድርገውታል፣ እጄን ሳስገባ ይነክሱኛል።

አቤቱታ ጻፍኩ። “ሥራው መመሪያውን ተከትሎ ተከናውኗል” የሚል መልስ መጣልኝ። ስለ ሟቾቹ አንድ ቃል የለም።

እንግዲህ ይህን ካለፍኩ በኋላ የምመክረው ከሚነገራችሁ ጋር ላይገጥም ይችላል። ላኪው ከዕቃው ጋር የሚልከው ወረቀት “ፌስታሉን ከፍታችሁ የገንዳችሁን ውሃ በጠብታ እየጨመራችሁ ለሁለት ሰዓት አለማምዱ” ይላል። ከቅርብ ለተገዛ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ለተጓዘ ዓሣ ይሁን። ብዙ ሰዓት ታስሮ ለመጣ ግን መግደያ ነው፣ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ፌስታሉን ሳትከፍቱ ማቆያ ገንዳው (አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚቆይበት ገንዳ) ላይ አንሳፍፉት፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል 20 ደቂቃ ያህል በቂ ነው። ከዚያ ክፈቱ፣ ዓሣውን ወዲያው አውጥታችሁ አስገቡ፣ የፌስታሉን ውሃ ድፉት። ይህ የሚሠራው ግን የማቆያው ገንዳ ጨው ከላኪው ጋር ቀድሞ ከተመጣጠነ ነው። ብዙ ላኪ ለዓሣ ጨውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሽገው፣ ስለዚህ ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ልኩን ጠይቁና ማቆያውን በሱ አዘጋጁ። በኋላ ቀስ እያላችሁ ከፍ ታደርጉታላችሁ። ፌስታሉ ቢሮ ላይ ከተከፈተባችሁ ደግሞ አሞኒያ የሚያስር ጠብታ በኪሳችሁ ይኑር። ፈታሾቹ ይጨቀጨቁ ይሆናል፣ ግን ጠብታውን ልጨምር ብላችሁ ጠይቋቸው።

ስለ ወረቀቱም። ፈቃዱ፣ ደረሰኙና ሳጥኑ ላይ ያለው ዝርዝር በአንድ ስም፣ በአንድ ፊደል መጻፍ አለበት፣ ስሙም ፈቃዱ ላይ ያለው ይሁን። ሳይንሱ ምን ይላል የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ላኪው “ሁሌም እንዲህ ነው የምንልከው” ካላችሁ ሌላ ላኪ ፈልጉ። ቅጂውን ቀድማችሁ ለፈታሾቹ ቢሮ ላኩና ችግር ካለ ገና አውሮፕላን ላይ ሳይጫን ይንገሯችሁ። ሳጥኑ በሥራ ቀን ጠዋት የሚያርፍ ይሁን። አርብ ከሰዓት የሚደርስ ዕቃ በነፃም ቢሆን አትቀበሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለውን ልናገር? ለጀማሪ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ኮራል ይቆረጣል፤ ቁራጩ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ራሱን ችሎ ያድጋል። በሰው ገንዳ ያደገ ቁራጭ የገንዳ ኑሮን የለመደ ነው፣ መብራቱንም ምግቡንም ያውቀዋል። የኔ ገንዳ ውስጥ አሁን ያለው አብዛኛው ኮራል ከሌላ አርቢ ሰው ገንዳ የተቆረጠ ነው፣ ቡጢ ከማያክል ቁራጭ ተነስቶ መስታወቱን የተጠጋ አለ። እሱን ሳይ ኩራቴን አልደብቅም።

ስለ ቁጥሮቹም ትንሽ። አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ የግድ ይህን ያህል ካልሆነ እያሉ የሚያስጨንቋችሁ አሉ። የባሕር ውሃ 7 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ 8 ላይ ያለ ገንዳም ያድጋል፣ 9 ላይ ያለም ያድጋል። ኮራል የሚሞተው ዛሬ 7፣ ነገ 10 ሲሆንበት ነው። ካልሲየሙን በሊትር 420 ሚሊግራም አካባቢ፣ ማግኒዢየሙን 1300 አካባቢ ያዙና ተረጋጉ። አዲስ ኮራል ሲገባ ከመብራቱ ራቅ አድርጋችሁ ከታች ጀምሩ። አዲስ ዓሣን ደግሞ ያለ ማቆያ ዋናው ገንዳ ውስጥ እንዳትጨምሩ፤ ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ አንዴ ከገባ ዓሣውን በሙሉ አውጥቶ ገንዳውን 76 ቀን ያህል ያለ ዓሣ ማቆየት ነው የሚመከረው። መዳብ ያለበት መድኃኒት ዓሣውን ያድናል፣ ኮራሉን ግን ይፈጃል፣ ስለዚህ ዋናው ገንዳ ውስጥ ጠብ እንዳይል።

እና ዞአንቲድ ፈቃድ አይፈልግም ብዬ ስላወራሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ወረቀት አልባ ስለሆነ ብቻ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዞአንቲድና የቅርብ ዘመዱ ፓሊቶአ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። ስትቆርጡ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ተዉት። የበቀሉበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብላችሁ በፍጹም አትቀቅሉ፣ ፈላ ውሃም አታፍስሱበት። በእንፋሎቱ ሙሉ ቤተሰብ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ።