መደብሮች ሲዘጉ ቅድመ ክፍያዬን እንዴት አዳንሁ

ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ሸማቹን የሚያስጨንቀው ነገር ብዙ ነው። ሥራዬ ይቀጥላል ወይ፣ ያጠራቀምሁት ገንዘብ ስንት ወር ያቆየኛል፣ የዕቃ ዋጋስ የት ይደርሳል የሚሉት ጥያቄዎች በየቤቱ ይነሳሉ፤ ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ የምገበይባቸው መደብሮች ተራ በተራ መዘጋት በጀመሩበት ወቅት ግን ከእነዚህ ሁሉ ለይቼ የያዝሁት አንድ ጉዳይ ነበር፤ ይኸውም ገንዘቤን አስቀድመው የተቀበሉ ነጋዴዎች ዕቃውን ሳያስረክቡኝ ቢከስሩ ገንዘቤ የት ይገባል የሚለው ነው። ስለ ሥራዬም ሆነ ስለ ዋጋ በራሴ ልወስን የምችለው ነገር እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ በዚህኛው ላይ ግን ቶሎ ከተነሳሁ ብዙ ማድረግ እችል ነበር። ያደረግሁትን በዝርዝር የምጽፈው በተመሳሳይ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ጊዜ ሳያልፍበት እንዲጠቀምበት ነው።

የነገሩ ክብደት የገባኝ ስለ ኪሳራ ሕግ ማንበብ ስጀምር ነው። ቀብድ የከፈለ፣ የስጦታ ካርድ የገዛ፣ ወይም ዕቃ መልሶ በገንዘቡ ፋንታ ሌላ ጊዜ የሚገዛበት ወረቀት የተቀበለ ደንበኛ፣ ሳያውቀው ለመደብሩ ያለ ወለድና ያለ መያዣ ያበደረ ሰው ነው። መደብሩ በደህና እስከሠራ ድረስ ይህ ለማንም አይታወቅም፤ ሲከስር ግን ሁሉም ገንዘብ ጠያቂ ተራ ይይዛል። በአብዛኞቹ አገሮች ከፊት የሚቆመው የመደብሩን ንብረት በመያዣነት የያዘው ባንክ ነው። የማጣራቱ ሥራ፣ ማለትም የመደብሩን ንብረት ሸጦ ለገንዘብ ጠያቂዎቹ ማከፋፈሉ፣ ራሱ ወጪ አለው፤ የሠራተኞች ደመወዝም በየአገሩ ሕግ በተወሰነው መጠን ቅድሚያ ያገኛል። ዕቃ በዱቤ ያቀረቡ ነጋዴዎችና ኪራይ ያልተከፈለው የሕንፃ ባለቤት በመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ተራው ደንበኛም ብዙውን ጊዜ ቦታው ከእነርሱ ጋር ነው። የአሜሪካ ሕግ በዚህ ረገድ ለሸማቹ በመጠኑ ያደላል፤ ለግልና ለቤተሰብ አገልግሎት የተከፈለን ቀብድ እስከተወሰነ መጠን ቅድሚያ ይሰጠዋል። መጠኑ በየሦስት ዓመቱ የሚስተካከል ሲሆን እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 3,800 ዶላር ሆኗል። የስጦታ ካርድ እንደ ቀብድ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ ግን የዚያው አገር ፍርድ ቤቶች እርስ በርሳቸው ተለያይተዋል።

ይህ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ያለ አደጋ አይደለም። ሻርፐር ኢሜጅ የተባለው የአሜሪካ መደብር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 ከገንዘብ ጠያቂዎቹ በሕግ የሚከልለውን የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ የራሱን የስጦታ ካርዶች መቀበል አቆመ፤ በኋላ እንደገና መቀበል ሲጀምርም ባለካርዱ የካርዱን እጥፍ ዋጋ ያለው ዕቃ እንዲገዛ ይጠየቅ ነበር። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጩ ሰርኪት ሲቲ በኖቬምበር 2008 ጥበቃ ጠየቀ፤ በጃንዋሪ 2009 ጨርሶ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በማርች የመጨረሻዎቹ መደብሮቹ ተዘጉ። በብሪታንያ ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ የቆየው ዉልዎርዝስ በኖቬምበር 2008 መጨረሻ ገደማ የከሰረ ድርጅትን እንዲይዙ በሚሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ ከ800 የሚበልጡት መደብሮቹ በሙሉ እስከ ጃንዋሪ 6 ቀን 2009 ተዘግተው 27,000 ያህል ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ከእነዚህ ታሪኮች ይበልጥ ያሳሰበኝ ፍጥነቱ ነበር። ከመጀመሪያው ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው መዘጋት ያለው ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት የሚቆጠር ከሆነ፣ ማስታወቂያውን እስኪሰማ የሚጠብቅ ደንበኛ ለመንቀሳቀስ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው።

ስለዚህ አንድ ምሽት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ በመሳቢያም በቦርሳም በስልክም ውስጥ ያለውን ደረሰኝና ካርድ ሁሉ አወጣሁና ከፍዬባቸው ያልተረከብኋቸውን ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍሁ። ለቁም ሣጥንና ለአልጋ የከፈልሁት ቀብድ ነበር፤ ከዘመድ በስጦታ የተቀበልኋቸውና ሳልጠቀምባቸው የቆዩ ካርዶች ነበሩ፤ ጫማ መልሼ የተቀበልሁት የዱቤ ወረቀት ነበር፤ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ከፋብሪካው ዋስትና በላይ ተጨማሪ የከፈልሁበት የዓመታት ዋስትና ነበር፤ እንዲጠገንልኝ ትቼው የመጣሁት ሬዲዮም ነበር። የሬዲዮው ጉዳይ ከሌሎቹ ይለያል፤ ንብረቱ የራሴ ስለሆነ መደብሩ ቢከስር እንኳ ከመደብሩ ሀብት ጋር ሊደባለቅ አይገባም። ሆኖም በተዘጋ በር ኋላ ያለን ዕቃ የእኔ ነው ብሎ አስረድቶ ማውጣት አድካሚ ስለሆነ፣ ጥገናው ባያልቅም በማግሥቱ ሄጄ ተረከብሁት። ማረጋገጫ ወረቀት ለማንም ማሳየት ሳያስፈልገኝ የተቋጨው እርሱ ብቻ ነው።

ካርዶቹን ለመጨረስ የተከተልሁት ሐሳብ ቀላል ነበር። ካርድ አለኝ ብዬ የማያስፈልገኝን ከመግዛት ይልቅ ቤቱ በሚቀጥሉት ወራት የግድ የሚፈልጋቸውን ነገሮች ዘርዝሬ፣ ከእነርሱ ውስጥ በየመደብሩ የሚገኘውን ገዛሁበት፤ አንሶላ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ልብስ፣ አምፑል። የቀረችውን ትንሽ ሒሳብ ሳይቀር እዚያው ጨረስኋት። ዘግይቼ ቢሆን ምን ሊገጥመኝ ይችል እንደነበር የቦርደርስ የመጻሕፍት መደብር ታሪክ ያሳያል፤ መደብሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቶ፣ ካርድ ይዘው ጥያቄያቸውን በወቅቱ ያላቀረቡ ሰዎች ምንም እንደማያገኙ የፌዴራል ዳኛ በ2013 ወስኗል። የአሻንጉሊት ሻጩ ቶይስ አር አስ በማርች 2018 አሜሪካ ያሉ መደብሮቹን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ ለስጦታ ካርድ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ገደማ ነበር፤ ይህም ከብዙዎቹ የተሻለ ነው።

ከሁሉም የከበደው ቀብዱ ነበር፤ ገንዘቡም ትልቁ እርሱ ነው። ወደ መደብሩ ስሄድ መጀመሪያ ያስተዋልሁት መደርደሪያዎቹን ነው። ከፊት ለፊት ሲታዩ ሙሉ ይመስላሉ፤ እጄን ወደ ውስጥ ስሰድድ ግን ከፊተኛው ረድፍ ኋላ ባዶ ነበር። ሁልጊዜ አምስት ስድስት ዓይነት የሚቀመጥባቸው የታወቁ አምራቾች ዕቃዎችም ጠፍተው ቦታቸው በሌላ ተሸፍኗል። ሥራ አስኪያጁን በአክብሮት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፤ «ያዘዝሁት ዕቃ ተሠርቶ መጋዘናችሁ ገብቷል ወይስ ገና ከፋብሪካው አልወጣም?» እርሳቸውም ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እውነቱን ልንገርዎት፤ ፋብሪካው አሁን ገንዘቡ አስቀድሞ ካልተከፈለው አይልክም» አሉኝ።

ይህ መልስ ከማንኛውም የጋዜጣ ወሬ የበለጠ ነገረኝ። ምክንያቱም ቸርቻሪ መደብር የሚኖረው በዱቤ ነው፤ ዕቃውን ዛሬ ተረክቦ፣ ሽጦ፣ ለአቅራቢው ከ30 ወይም ከ60 ቀን በኋላ ይከፍላል። ብዙ አቅራቢዎች ደግሞ መደብሩ ባይከፍላቸው የሚተካላቸው የዱቤ መድን አላቸው። የመድን ኩባንያው ስለ መደብሩ ሲጠራጠር ሽፋኑን ያነሳል፤ ሽፋኑ ሲነሳ አቅራቢው ገንዘቡን በቅድሚያ ይጠይቃል፤ መደብሩም ለወራት ይበቃው የነበረውን ጥሬ ገንዘብ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። ዉልዎርዝስን ካጣደፉት ነገሮች አንዱ የመድን ሰጪዎቹ ሽፋን ማንሳት ነበር፤ ቶይስ አር አስም እ.ኤ.አ. በ2017 አቅራቢዎቹ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ በጀመሩ ጊዜ ከመውደቅ አልዳነም። ደንበኛ የመደብሩን ሒሳብ ማየት አይችልም፤ የአቅራቢዎቹን ጥርጣሬ ግን መደርደሪያው ላይ ያየዋል።

ገንዘቤ ይመለስልኝ ብዬ ብጠይቅ ሥራ አስኪያጁ የሚሰጡኝ ጥሬ ገንዘብ እንደሌላቸው ተረዳሁ። ስለዚህ ሌላ ነገር አቀረብሁላቸው፤ ለእይታ የቆመውን አልጋና ቁም ሣጥን በቀብዴ ልክ ይስጡኝ፣ ልዩነት ካለም እዚሁ እከፍላለሁ አልኋቸው። ያዘዝሁት ቀለም አልነበረም፤ የቁም ሣጥኑ አንድ በርም ጠርዙ ላይ ተጭሮ ነበር። እርሳቸው ዋጋውን በመጠኑ ቀንሰው ተስማሙ፤ እኔም ደረሰኙ ላይ «ሒሳቡ ተጠናቅቋል፤ ዕቃው ተረክቧል» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄ ዕቃውን የዚያኑ ዕለት በጭነት መኪና ወሰድሁ። ቀለሙን ከመምረጥ መብቴ ይልቅ ዕቃው ቤቴ መግባቱን መረጥሁ፤ አሁንም ቢሆን ያንኑ እመርጣለሁ።

መደብሩ ብዙም ሳይቆይ በትልልቅ ፊደላት «የመዘጊያ ሽያጭ» የሚል ጨርቅ ሰቀለ፤ ሕዝቡም ጎረፈ። ስለዚህ ዓይነቱ ሽያጭ ሰፋ አድርጌ ልናገር እወዳለሁ፤ ብዙ የተጨነቀ ሸማች ተስፋ አድርጎ የሚገባበት ቦታ ስለሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ዋጋ የሚተምነው የቀድሞው ነጋዴ አይደለም፤ ሥራው የከሰረ መደብርን ዕቃ መሸጥ የሆነ ድርጅት ገብቷል፤ ዓላማውም ለገንዘብ ጠያቂዎቹ የተቻለውን ያህል ገንዘብ መሰብሰብ ነው። ቅናሹ በትንሽ መቶኛ ይጀምራል፤ በየሳምንቱም ይጨምራል፤ የሚቀነሰው ግን ብዙ ጊዜ መደብሩ በደኅናው ቀን ይሸጥበት ከነበረው ዋጋ ሳይሆን ከአምራቹ የተመከረ ዋጋ ላይ ነው። አንድ የቡና ማፍያ ላይ የተለጠፈውን «20 በመቶ ቅናሽ» የሚል ቢጫ ወረቀት ጥግ በጥፍሬ ቀስ ብዬ ሳነሳው፣ ከሥሩ የቀድሞው የዋጋ ወረቀት ወጣ፤ የቀድሞው ዋጋ «ከተቀነሰው» ያነሰ ነበር። አጠገቤ የቆሙ እናት ሦስት ዕቃ ይዘው ስለነበር አሳየኋቸው፤ ሁለቱን መልሰው አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የምገዛውን እያንዳንዱን ነገር በስልኬ ከሌላ መደብር ዋጋ ጋር አስተያይቼ ነው የገዛሁት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር አልነካሁም፤ በመዘጊያ ሽያጭ የተገዛ ዕቃ በአብዛኛው አይመለስም፤ ሻጩም ነገ አይኖርም። የገዛሁት ሊበላሽ የሚችል ሞተር የሌለውን ነው፤ መስተዋት፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ መጋረጃ። ለክፍያውም በተቻለኝ መጠን ክሬዲት ካርድ ተጠቀምሁ፤ ዕቃው ሳይደርስ ቢቀር ባንኩ ክፍያውን እንዲያስመልስ መጠየቅ ይቻላልና። ብሪታንያ ውስጥ ይህ መብት ጠንካራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለው የሸማቾች ዱቤ ሕግ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና ከ30,000 ፓውንድ ያልበለጠ ዕቃ በክሬዲት ካርድ ሲገዛ ካርድ ሰጪውን ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። በሌላ አገር የሚኖር ሰው ባንኩ የሚቀበልበትን የጊዜ ገደብ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ገደቡ አጭር ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር፤ ሁላችንም ፈርተን መግዛት ብናቆም ገና በእግራቸው የቆሙትንም መደብሮች አብረን እንጥላለን። ስለዚህ አበዳሪ መሆንን ትቼ ገዢ መሆንን ቀጠልሁ። ከመደብር የሚያስፈልገኝን መግዛት አላቆምሁም፤ ገንዘብና ዕቃ በአንድ ጊዜ እጅ ለእጅ እንዲለዋወጡ ብቻ አደረግሁ። ይህ ደካማ ለሆነ መደብርም ፍትሐዊ ነው፤ የሚሸጠውን ይሸጣል፣ ሠራተኞቹም ደመወዝ ያገኛሉ። በመዘጊያው ሽያጭ ሰሞን ገንዘብ ተቀባዮቹ ላይ የሚጮኹ ደንበኞችን ሳይ እጅግ አዝን ነበር፤ ካርዱን አንቀበልም ያለው ውሳኔ የእነርሱ አልነበረም፤ የእነርሱም የሥራ ቀን እየተቆጠረ ነበር።

ከዝርዝሬ ሳይቋጭ የቀረው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ተጨማሪ ዋስትና ነበር። ውሉን ከዳር እስከ ዳር ሳነበው፣ ዋስትናውን የሰጠው መደብሩ ራሱ እንደሆነና ከኋላው የመድን ኩባንያ እንደሌለ ተረዳሁ፤ ሌላ የመድን ድርጅት ቢሆን ኖሮ መደብሩ ቢዘጋም ውሉ ይቀጥል ነበር። የፋብሪካው ዋስትና ግን የአምራቹ ስለሆነ አልተነካም። ለቀሪው ሒሳብ አጣሪው የላከውን ቅጽ ሞልቼ፣ የውሉንና የደረሰኙን ቅጂ አያይዤ፣ ከተወሰነው ቀን በፊት በአደራ ደብዳቤ ላክሁ፤ መላኬን የሚያሳየውን ወረቀትም አስቀመጥሁ። ክፍያው ብዙ ቆይቶ መጣ፤ ከጠየቅሁትም ጥቂቱን ብቻ የሚሸፍን ነበር። ያንኑ ዋስትና ገዝተው ቅጹን ሳይልኩ የቀሩ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ምንም አልደረሳቸውም። ከዚያ ወዲህ ተጨማሪ ዋስትና ሲያቀርቡልኝ፣ ውሉ ላይ እንደ ዋስ የተጻፈው የማን ስም እንደሆነ እንዲያሳዩኝ ሳልጠይቅ አልፈርምም።