አራት ቅዳሜ ባግ ስናጣራ፦ ከጅማ

ሊብሬኦፊስ የሚባለውን ነፃ የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራም ባግ (የፕሮግራም ስህተት) በማጣራት በትርፍ ሰዓታችን እናግዝ ብዬ ጓደኞቼን ሂርማታ ቤቴ ከጠራሁ አራት ሳምንት ሆነ። ስድስት ነን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ባከነ። ሁላችንም በየስልካችን ዳታ ፕሮግራሙን ማውረድ ጀመርን፤ ከ300 ሜጋባይት በላይ ነው። ማንም ሳይጨርስ መብራት ሄደ።

በሁለተኛው አንዴ አውርጄ በፍላሽ አደልኩ። ግን «ደስ ያላችሁን ባግ ምረጡ» ማለቴ ስህተት ነበር። ኮድ የሚጽፉት ሁለት ልጆች ከባድ ከባዱን ያዙ፣ የቀረነው ቁጭ ብለን አየናቸው። አንዱ ልጅ ሰልችቶት በሳምንቱ ቀረ።

በሦስተኛው ኮድ አንነካም አልኩ። ሊብሬኦፊስ ላይ ችግር ሲመዘገብ መጀመሪያ «ያልተረጋገጠ» ነው የሚባለው። ሌላ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ሞክሮ ሲደገምለት «አዲስ» ወደሚለው ያልፋል። ለዚህ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ሁለትና ሦስት ሆነን ተከፋፈልን። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሞክራል። የፕሮግራሙን ቨርዥንና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ስም ሳንጽፍ ምንም አንልክም።

ያን ቀን ሁላችንንም ያስደነቀችን እዚሁ ጅማ መርካቶ ኮምፒውተር ቤት ጽሑፍ የምትተይብ ጓደኛችን ናት። አራት ገጽ የአማርኛ ሰነዷ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አምስት ገጽ ይሆናል። ባግ አገኘን ብለን ልናመለክት ስንል «ቆይ እስቲ» አለች። ፋይሉን በሦስት ላፕቶፕ ከፍታ አስተያየችው። ለካ የሚዛባው ሰነዷ የተጻፈበት ኒያላ የሚባል ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የሌለበት ዊንዶውስ 10 ላይ ብቻ ነው! እዚያ ኒያላ ለብቻው ካልተጨመረ የለም። ፕሮግራሙ በሌላ ፎንት ይተካዋል፣ የፊደሉ ስፋት ይለወጣል፣ መስመሩም ወደ ታች ይገፋል። ኒያላን ስንጭንበት አራት ገጹ ተመለሰ።

ሳናመለክት በመቅረታችን ከልቤ ደስ አለኝ። እያንዳንዱን ማመልከቻ የሚያነብ ሰው አለ፣ ብዙዎቹም እንደኛ በነፃ ነው የሚሠሩት።

ባለፈው ቅዳሜ ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ አምስት ባግ አረጋገጥን። ሁለት ደግሞ አልተደገመልንም፤ እሱንም ጻፍን።

በሚቀጥለው ኮድ ጸሐፊዎቹ ጊት ባይሴክትን፣ ባግ ከየትኛው የኮድ ለውጥ እንደመጣ የሚፈልገውን መሣሪያ፣ ሊያሳዩን ነው። ባጉን ያመጣው ለውጥ በ1000 ለውጦች መካከል ቢደበቅ እንኳ፣ ግማሽ በግማሽ እየከፈሉ 10 ጊዜ ያህል መሞከር ይበቃል። የቀረውም ልጅ ይህን ሲሰማ እመጣለሁ ብሏል። ጅማ ያላችሁ ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ፣ ፍላሹ እኔ ጋ አለ።