ክፍተቱን ስፈልግ ያለፈኝ

ችግሩ ሲነገር ቀላል ነው፦ በአንድ ረድፍ የተሰለፉ ስፒን ½ ማግኔቶች (ጥቃቅን የኳንተም ማግኔቶች፣ በአጭሩ «ስፒኖች») አሉ። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ተቃራኒ መቆም ይፈልጋል፤ ከጎረቤቱ ጎረቤትም እንዲሁ። ሁለቱ አብረው አይሆኑም። ሁለተኛው ግፊት ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘውን ጥምርታ «ጥ» ልበለው። ጥ ሲያድግ ክፍተት አልባ የነበረው ሰንሰለት (ክፍተት ማለት በዝቅተኛው የኃይል ደረጃና ከሱ ቀጥሎ ባለው መካከል ያለው ልዩነት ነው) ስፒኖቹ ጥንድ ጥንድ ወደሚሆኑበት ሁኔታ ይሻገራል። የት ላይ?

ላፕቶፔ ላይ በላንቾስ ዘዴ (የትልቅ ማትሪክስ ዝቅተኛ ኃይሎችን በሚያወጣ ስሌት) እስከ 20 ስፒን (184,756 ሁኔታዎች) ፈታሁና ክፍተቱ ከዜሮ የሚነሳበትን ፈለግሁ። 0.35 አካባቢ አገኘሁ፤ ደስ አለኝ። ደስታዬ አልቆየም። ከመሻገሪያው በኋላ ክፍተቱ ለረጅም ርቀት ኢምንት ነው፤ ጥ 0.5 ሲደርስ እንኳ 0.234 ብቻ ነው። 20 ስፒን ያለው ቀለበት (ጫፎቹን ያገጣጠምኩት ሰንሰለት) ደግሞ ማጠሩ ብቻውን 0.2 የሚጠጋ የሐሰት ክፍተት ይሰጠዋል። እኔ ስለካ የከረምኩት ማጠሩን ነው።

አማካሪዬ ግራፌን አይተው «ኮምፒውተሩን ዝጋና አራት ስፒን በእርሳስ ፍታ» አሉኝ። ትንሽ ከፋኝ፣ ግን ፈታሁ። ሁለት ሲንግሌቶች (ጠቅላላ ስፒናቸው ዜሮ የሆነ ሁኔታዎች) ወጡ፣ ኃይላቸው −2 + ጥ እና −3ጥ። ዝቅተኛው ትሪፕሌት (ጠቅላላ ስፒኑ አንድ የሆነው) −1 + ጥ ነው። ሁለቱ ሲንግሌቶች 0.5 ላይ −1.5 ሆነው ይገናኛሉ፤ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ማጁምዳርና ጎሽ በ1969 ያሳዩት ነጥብ ይኸው ነው። −3ጥ ከትሪፕሌቱ ጋር የሚገናኘው ግን 0.25 ላይ ነው። ኦካሞቶና ኖሙራ በ1992 መሻገሪያውን 0.2411 ላይ ያገኙት ይህንኑ የሲንግሌትና የትሪፕሌት ደረጃዎች መገናኘት በረጃጅም ሰንሰለቶች ተከትለው ነው። አራት ስፒንና አንድ እርሳስ ይህን ያህል ይጠጋል!

አንድ ቂልነቴን ልጨምር። በአራት ስፒን ቀለበት ላይ ከሁለት እርምጃ በኋላ ያለው ጎረቤት በቀኝም በግራም ያው ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰያፍ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ኮዴ በትክክል ይቆጥር ነበር። እኔ ግን ድግግሞሽ መስሎኝ አጠፋሁት፤ −1.5 ይወጣ የነበረው −1.75 ሆነ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ስፈልግ ዋልኩ።

አሁን አዲስ ኮድ ስጽፍ መጀመሪያ 16 ስፒን ጥ 0.5 ላይ አስሮጣለሁ። ዝቅተኛው ኃይል −6 ሁለት ጊዜ መውጣት አለበት፣ አንዱ በሞመንተም ዜሮ (ቀለበቱ በአንድ ስፒን ሲዞር ሁኔታው ምልክቱን አይቀይርም)፣ ሌላው በፓይ (ይቀይራል)። ሞመንተሞቹን ካልለያየሁ ላንቾስ አንዱን ብቻ አሳይቶኝ ያልፋል።